የሚስማር ሽጉጥ፤ እንዴት ይሠሩበታል? እንዴትስ ይጠብቁታል?

አንባቢ ሆይ! አንድ አናጢ በመዶሻ ሚስማር ሲመታ ቀረብ ብለው ተመልክተው ያውቃሉን? በግራ እጁ ሁለት ጣቶች ሚስማሩን ይይዝና በመጀመሪያ ቀስ ብሎ አንዴ ወይም ሁለቴ ቸብ ቸብ ያደርገዋል። ሚስማሩ ጥቂት ገብቶ ብቻውን ሲቆም ጣቶቹን ያነሣል፤ መዶሻውን ከፍ አድርጎ በሙሉ ኀይሉ የሚመታው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቸብ ቸብ ማድረግ እጅግ ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን የአናጢውን ጣቶች ለብዙ ዘመን ያቆየችለት ይህችው ትንሽ ጊዜ ናት። በርሷ መካከል ዐይኑ ያያል፥ አሳቡ ይመዝናል፥ እጁም ገለል ይላል።

ዛሬ የምናነሣው መሣሪያ ግን ይህችን ትንሽ ጊዜ አያውቃትም። ስሙ የሚስማር ሽጉጥ ይባላል፤ መልኩም ወፍራም ሽጉጥ ይመስላል። እጀታ አለው፤ ምላጭ አለው፤ ሚስማር የሚጎርስ ካዝና አለው፤ አፈ ሙዝም አለው። በጥይት ፈንታ ሚስማር፥ በባሩድ ፈንታ የታመቀ አየር ይጠቀማል። በዕንጨት ላይ አስደግፈው ምላጩን ሲስቡት፥ ትልቁ ዐይነት 9 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ሚስማር በአንድ ምት እስከ ራሱ ይቀብራል። ቸብ ቸብ የለም፤ ጣትን ማንሣት የለም፤ «ቆይ እስቲ» ማለትም የለም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳዎ ደንብ የበዛ ቢመስልዎ፥ ሁሉም የሚመለሰው ወደ አንድ ነገር መሆኑን አስቀድመው ይወቁልን። ይኸውም መሣሪያው የወሰደብንን ያችን ትንሽ ጊዜ ለእጃችን መመለስ ነው።

«ይህ ለእኔ ምኔ ነው?»

«እኔ ተማሪ ነኝ፤ ወይም ከጠረጴዛ ጀርባ የምውል የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ይህ ሁሉ ለእኔ ምኔ ነው?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ዙሪያዎን ይመልከቱ። የተቀመጡበት ሶፋ ጨርቅ ከዕንጨቱ ጋራ የተያያዘው፥ የዚሁ መሣሪያ ታናሽ ወንድም በሆነው፥ በአየር ኀይል ስቴፕል በሚተኩሰው መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የምሕንድስና ወይም የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪ ከሆኑ፥ ለተግባር ልምምድ በሚሄዱበት ቦታ ይህን መሣሪያ አንድ ቀን በእጅዎ ያስጨብጡዎታል። በግዥ ክፍል የሚሠሩ ከሆኑ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ የዕንጨት ክፍል የትኛው ዐይነት እንዲገዛ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት። ይህም ሁሉ ባይሆን፥ በዕንጨት ሥራ ቤት ለማጅ ሆኖ የገባ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ማወቁ አይጎዳም፤ አለማወቁ ግን ይጎዳል።

መሣሪያው ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር አብዛኛው መኖሪያ ቤት አጥንቱ ከዕንጨት የተሠራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ቤት በቶሎ መሥራት ስላስፈለገ፥ ወለልና ግድግዳ በመዶሻ መምታቱ አዘገየ። አዲሱ መሣሪያ ግን አንድ አናጢ በመዶሻ አንዱን ሚስማር በሚመታበት ጊዜ ብዙውን ይመታለታል። በዚህ ምክንያት እየተስፋፋ ሄዶ የዓለምን የዕንጨት ሥራ ቤቶች ሁሉ አዳረሰ። ከፍጥነቱ ጋራ ግን ቁስሉም አብሮ ተስፋፋ።

አሠራሩ እንዴት ነው?

አሠራሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በመንገድ ዳር ያለውን የጎሚስታ ቤት ያስታውሱ። በዚያ የሚያጓራው ኮምፕሬሰር አየሩን ከውጭ እየሳበ በብረት ታንከር ውስጥ ያምቀዋል። መለኪያው የተወሰነለትን ቁጥር ሲያሳይ ራሱ ይቆማል። ጎሚስታው የቤት መኪና ጎማ ሲሞላ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ድረስ ይሞላል፤ ይህም ከ2 ባር ጥቂት ከፍ ይላል። የሚስማር ሽጉጥ ግን በአብዛኛው የሚፈልገው ከ70 እስከ 120 ፒ.ኤስ.አይ. ማለት ከ5 እስከ 8 ባር ያህል ግፊት ነው። እንግዲህ በእጅዎ የያዙት መሣሪያ የመኪናን ክብደት ከሚሸከመው ጎማ ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚበልጥ ግፊት በሆዱ ይዟል ማለት ነው።

ይህ አየር በጎማ ቱቦ አልፎ የሽጉጡን እጀታና ሆድ ይሞላል። ምላጩ ሲሳብ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ትከፈታለች፤ እርሷም ከላይ ያለውን ትልቁን ቫልቭ ታስከፍታለች። ያን ጊዜ የታመቀው አየር በአንድ ጊዜ በፒስተኑ ላይ ይወርዳል። ከፒስተኑ ጋራ የተያያዘው የብረት ዘንግ ወደ ታች ተወርውሮ የሚስማሩን ራስ ይመታል። ምላጩ ሲለቀቅ ከፒስተኑ በታች ተጠራቅሞ የነበረው አየር ፒስተኑን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በካዝናው ውስጥ ያለውም ሞላ የሚቀጥለውን ሚስማር ወደ አፈ ሙዙ ይገፋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዐይን ተጨፍኖ ሳይከፈት ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ልብ ይበሉ። የመዶሻው ኀይል በአናጢው ክንድ ውስጥ ነው፤ ክንዱ ሲያርፍ መዶሻውም ያርፋል። የሽጉጡ ኀይል ግን በታንከሩ ውስጥ ነው፤ እርስዎ ቢያርፉ እርሱ አያርፍም። በተለይም መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮምፕሬሰሩ ዝም ሲል፥ መብራቱም ሲጨልም፥ መሣሪያው የሞተ ይመስላል። ነገር ግን ታንከሩ እንደ ሞላ ነው፤ ቱቦውም እንደ ሞላ ነው፤ ሽጉጡም ሚስማሩን እንደ ጎረሰ ነው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ሥራ ሲቋረጥ በመጀመሪያ የሚደረገው ነገር ሻይ ለመጠጣት መውጣት አይደለም፤ ሽጉጡን ከቱቦው መንቀል ነው።

የአፈ ሙዙ ዘበኛ

የመሣሪያው ሠሪዎች ያችን የጠፋች ትንሽ ጊዜ ለመመለስ አንድ ብልሃት አበጅተዋል። በአፈ ሙዙ ጫፍ ላይ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንቀሳቀስ ብረት ተደርጎበታል። እኛ እዚህ «ዘበኛ» እንበለው። ዘበኛው በዕንጨቱ ላይ ተጫኖ ወደ ውስጥ ካልገባ፥ ምላጩ ቢሳብም ሽጉጡ አይተኩስም። በአሜሪካ የሕንፃ ሥራ ደንብ ሚስማሩን ራሱ የሚጎርስና ከ100 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ በሆነ ግፊት የሚሠራ ሽጉጥ ሁሉ ይህን የመሰለ መከላከያ እንዲኖረው ግዴታ ነው።

ነገር ግን ዘበኛና ዘበኛ ይለያያል። በአንደኛው ዐይነት ሽጉጥ ምላጩንና ዘበኛውን በፈለጉት ቅደም ተከተል ቢነኩ ይተኩሳል። በዚህ ዐይነት የሚሠራ ሰው ምላጩን እንደ ሳበ ይቆይና አፈ ሙዙን በዕንጨቱ ላይ እየነካካ ይሄዳል፤ በነካ ቁጥር አንድ ሚስማር ይተኮሳል። ይህ እጅግ ፈጣን ነው፤ አደገኛነቱም እንዲሁ ነው። ምክንያቱም ምላጩ ተስቦ ሳለ አፈ ሙዙ ጉልበትን፥ ጭንን ወይም የባልንጀራን ክንድ ቢነካ ያንኑ ሚስማር ይተኩሳል። ዘበኛው ዕንጨትና ሥጋን ለይቶ አያውቅምና!

በሁለተኛው ዐይነት ግን ቅደም ተከተሉ የተወሰነ ነው። በመጀመሪያ ዘበኛው በዕንጨቱ ላይ ይጫናል፤ ቀጥሎ ምላጩ ይሳባል። ለሚቀጥለው ሚስማር ሁለቱም መለቀቅና እንደ ገና በተራቸው መጀመር አለባቸው። ይህ ሙሉ ተራ የሚጠብቀው ዐይነት ነው። በዚህ ዐይነት ለእያንዳንዱ ሚስማር አንድ ጊዜ ማሰብ ግድ ነው፤ የአናጢው ቸብ ቸብ ማለት ይኸው ነው።

ልዩነቱ በወሬ ብቻ የሚነገር አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት አስተዳደርና የምርምር ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ላይ ባሳተሙት መመሪያ እንደ ገለጹት፥ በሚነካካው ዐይነት የመቁሰል ዕድል ተራ ከሚጠብቀው ዐይነት እጥፍ ይሆናል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በሚስማር ሽጉጥ ቆስለው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሄዱት ሰዎች በየዓመቱ 37,000 ያህል ነበሩ። ከነዚህም 14,800 የሚሆኑት ለደመወዝ የሚሠሩ አናጢዎች ሳይሆኑ፥ መሣሪያውን ለግል ሥራቸው የያዙ ሰዎች ነበሩ። የቤት አናጢነት ከሚማሩት ለማጆች ደግሞ በ4 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ5ቱ 2ቱ ያህል ቆስለዋል። ከቁስሉም ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእጅና በጣት ላይ ነው፤ በእጅ ላይ ከሚደርሰውም ከ4ቱ አንዱ ጅማትን፥ መገጣጠሚያን፥ ነርቭን ወይም አጥንትን የነካ ነው። ለጸሐፊም ሆነ ለአናጢ እጅ ማለት እንጀራ መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ግዥ የሚያስፈጽሙ ከሆኑ በሚጽፉት ዝርዝር ላይ «ሙሉ ተራ የሚጠብቅ ምላጭ ያለው» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። በጊዜው ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለማያውቁት ሰው ጣት መድኅን ይሆናል።

በሥራ ጊዜ

አሁን ደግሞ መሣሪያውን በእጅዎ እንደ ያዙ እናስብና ምን ማድረግ እንደሚገባዎ በተራ እንመልከት።

በመጀመሪያ ዐይንዎን ይሸፍኑ። የሚደረገውም ተራ የፀሐይ መነጽር ሳይሆን፥ ምት የሚችልና ከጎንም የሚከልል የሥራ መነጽር ነው። ሚስማር ከብረት ወይም ከሌላ ሚስማር ራስ ጋራ ቢጋጭ ተመልሶ ይፈናጠራል፤ ዐይን ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ጆሮዎንም ይድፈኑ። የሽጉጡ ድምፅ አጭር ቢሆንም ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ዛሬ ባያምዎ ከብዙ ዓመት በኋላ መስማት ሲሳንዎ ያውቁታል። እግርዎንም በሸበጥ አያጋልጡ።

ሁለተኛ፥ ዕንጨቱን የሚይዘው እጅዎ ሚስማሩ ከሚገባበት ቦታ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት የአንድ ማስመሪያ ርዝመት ያህል ይራቅ። ሚስማር ቀጥ ብሎ የሚሄደው እኛ እንደምናስበው ሁልጊዜ አይደለም። በዕንጨቱ ውስጥ ቅርንጫፍ የወጣበት ጠንካራ ቦታ ቢያጋጥመው ተጣሞ በጎን ብቅ ይላል። የደረቀ ባሕር ዛፍ የቆረጠ ሰው ይህን ጥንካሬ በሚገባ ያውቀዋል። ዕንጨቱ ትንሽ ከሆነና እጅዎን ማራቅ ካልቻሉ በሞርሳ ይያዙት፤ ሞርሳ ቢወጋ አይደማምና።

ሦስተኛ፥ ሚስማር ካልመቱ በቀር ጣትዎን ከምላጩ ላይ ያንሡ። ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄዱ፥ ከሰው ጋራ ሲነጋገሩ፥ መሰላል ሲወጡ ጣትዎ በምላጩ ላይ አይኑር። መሣሪያውን ለሌላ ሰው ሲያቀብሉ፥ መሰላል ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ከቱቦው ይንቀሉት። በቱቦው እየጎተቱ ከፎቅ ወደ ታች ማውረድም ክልክል ነው፤ ቱቦ ገመድ አይደለም።

አራተኛ፥ መሣሪያው ጠመንጃ እንደሚራገጥ ሁሉ ወደ ኋላ እንደሚራገጥ ይወቁ። ጀማሪ ሰው ይህን ይፈራና በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል። ምላጩ እንደ ተሳበ ሽጉጡ ተራግጦ ሲመለስ አፈ ሙዙ ዕንጨቱን ዳግመኛ ይነካና፥ በሚነካካው ዐይነት፥ ሁለተኛ ያልታሰበ ሚስማር ይወጣል። ይህም ሁለተኛ ሚስማር አንዳንድ ጊዜ በመጀመሪያው ራስ ላይ ያርፍና ወደ ላይ ይፈናጠራል። ስለዚህ ይያዙት እንጂ አይታገሉት። ከራስ በላይ፥ ከትከሻ ጀርባ፥ ወይም ወደ ራስዎ እያዞሩ አይተኩሱ። መሣሪያው የማይመችበት ማዕዘን ሲያጋጥምዎ መዶሻን መጠቀም ውርደት አይደለም፤ ዐዋቂነት ነው።

አምስተኛ፥ ከቀጭን ጣውላ ወይም ከኮምፔንሳቶ ጀርባ ማን እንዳለ ሳያዩ አይምቱ። ረጅም ሚስማር ቀጭኑን ጣውላ በስቶ በማዶ በኩል ሊወጣ ይችላል። በማዶ በኩል ግን ዕንጨቱን የሚደግፍልዎ ባልንጀራዎ ቆሞ ይሆናል።

ስድስተኛና ዋነኛው ደግሞ ይህ ነው። አንዳንድ ሠራተኛ ዘበኛው ሥራውን ያዘገየበት ይመስለውና በሽቦ ይጠፍረዋል፤ ወይም ምላጩን በፕላስተር አስሮ ሁልጊዜ እንደ ተሳበ ያደርገዋል። ይህ ማለት ቤቱን ሌሊት የሚጠብቀውን ዘበኛ አስሮ በሩን ከፍቶ መተኛት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፥ የተቈረጠ ጅማት ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቀምም። እንዲህ የታሰረ መሣሪያ ቢሰጥዎ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ያስፈቱ።

ስለ አየሩ

አየር እንደ ውሃ የዋህ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህም የሚደፍረው ብዙ ነው። ሽጉጡን በኦክስጅን ወይም በሌላ በሲሊንደር በሚሸጥ ጋዝ ማሠራት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በብየዳ ቤት የኦክስጅን ሲሊንደር በቅርብ ስለሚገኝ «ኮምፕሬሰሩ እስኪሠራ በዚህ እንጠቀም» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ኦክስጅን ከዘይት ጋራ ሲገናኝ ይነድዳል፤ በሽጉጡ ውስጥ ደግሞ ዘይት አለ። መሣሪያው በእጅ ላይ ይፈነዳል ማለት ነው።

ግፊቱንም በመሣሪያው ላይ ከተጻፈው ቁጥር አያሳልፉ። ሚስማሩ በሚገባ ካልገባ በመጀመሪያ ምክንያቱን ይፈልጉ እንጂ መቆጣጠሪያውን ዝም ብለው አያጥብቁ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ያው ኮምፕሬሰር በዚህ ታንከሩን ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል። ሠራተኛው ታንከሩ ሳይሞላ ቢቸኩል ሚስማሩ በግማሽ ይቀራል፤ መድኀኒቱም ግፊትን ማብዛት ሳይሆን መለኪያው እስኪደርስ መታገሥ ነው።

የታመቀ አየርን በልብስ ወይም በገላ ላይ ያለውን አቧራ ለማራገፍ መንፋትም ልማድ ሆኗል። ይህም መጥፎ ልማድ ነው። አየሩ በቁስል ወይም በቆዳ ቀዳዳ ገብቶ ይጎዳል፤ ብናኙንም ወደ ዐይን ይወረውራል። ለአቧራ መጥረጊያና ብሩሽ ይበቃሉ።

መሣሪያውን መጠበቅ

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ ጥንቃቄ የሚጀመረው መሣሪያው ደኅና ሳለ ነው። ጧት ሥራ ሳይጀመር የሚፈጸም የሩብ ሰዓት ሥራ አለ።

ሽጉጡን ከቱቦው ይንቀሉ፤ ሚስማሩንም ከካዝናው ያውጡ። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ምቱ ስለሚያናውጣቸው ይላላሉ። ዘበኛውን በጣትዎ ተጭነው ይልቀቁት፤ ያለ ችግር ገብቶ ራሱ መመለስ አለበት። አቧራና ሙጫ ይዞት ከዘገየ ያጽዱት፤ ሞላው ደክሞ ከሆነም ይለወጥ። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅዎ እየዳሰሱ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ቦታ እንዳለው ይመርምሩ።

ቀጥሎ ከ2 እስከ 5 ጠብታ የአየር መሣሪያ ዘይት አየር በሚገባበት ቀዳዳ ያንጠባጥቡ። የሞተር ዘይት አይሆንም፤ በውስጡ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ሊያበላሽ ይችላልና። አንዳንድ ሽጉጥ ግን ያለ ዘይት እንዲሠራ የተበጀ ስለሆነ አስቀድመው የሠሪውን መመሪያ ያንብቡ።

ከዚህ በኋላ ሚስማር ሳይኖርበት አየሩን አገናኝተው ዘበኛው ታማኝ መሆኑን ይፈትኑ። አፈ ሙዙን ወደ መሬት አዙረው ምንም ሳያስነኩ ምላጩን ይሳቡ፤ መምታት የለበትም። ምላጩን ለቀው ዘበኛውን በዕንጨት ላይ ይጫኑ፤ አሁንም መምታት የለበትም። ሙሉ ተራ በሚጠብቀው ዐይነት ደግሞ ምላጩን አስቀድመው ስበው ዘበኛውን በኋላ ቢጫኑ መምታት የለበትም። ከነዚህ በአንዱ ቢመታ ያ መሣሪያ በዚያ ቀን ሥራ አይገባም፤ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወደ ጠጋኝ ይሂድ።

ማታ ደግሞ የኮምፕሬሰሩን ታንከር ከሥሩ ከፍተው ውሃውን ያፍስሱ። ውሃ ከየት መጣ ቢሉ፥ አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት ጠል ይሆናል፤ በክረምት ደግሞ ይበዛል። ይህ ውሃ ታንከሩን ከውስጥ ያዝጋል፤ ወደ ሽጉጡም ገብቶ ዘይቱን ያጥባል። የዛገ ታንከር ግፊት ሲበዛበት እንደሚፈነዳ አይርሱ፤ በላዩ ያለችውን የደኅንነት ቫልቭም ማንም እንዲደፍናት አይፍቀዱ።

ስለ ቱቦው መጋጠሚያም አንድ ቃል እንጨምር። ሲነቀል ራሱን የሚዘጋው መጋጠሚያ መሆን ያለበት በቱቦው ጫፍ ላይ እንጂ በሽጉጡ ላይ አይደለም። በሽጉጡ በኩል ክፍት የሆነው ወንዴው ብቻ ይግባ። እንዲህ ከሆነ ሽጉጡ እንደ ተነቀለ በሆዱ ያለው አየር ሁሉ ይወጣል። ተገላቢጦሽ ከተገጠመ ግን አየሩ በውስጡ ታፍኖ ይቀራል፤ ተነቅሏል ብለው ያመኑትም መሣሪያ አንድ ሚስማር ሊተኩስ ይችላል። ይህን ለማየት የዐይን ጥቅሻ ይበቃል፤ ብዙ ሰው ግን አያይም።

ሚስማር በአፈ ሙዙ ውስጥ ቢቀረቀርስ? በመጀመሪያ ከአየር ይነቀል። ቀጥሎ ካዝናው ይራገፍ። ከዚያም አፈ ሙዙ ወደ ሰው ሳይዞር የተቀረቀረው በፒንሳ ይወጣል። ይህን ተራ የሚገለብጥ ሰው፥ አየሩ እንዳለ ጣቱን በአፈ ሙዙ ላይ ያደርጋል ማለት ነው።

አየር ሲፈስም ራሱ ይነግርዎታል። ከምላጩ አካባቢ የሚፍ ከሆነ የምላጩ ቫልቭ ቀለበት አርጅቷል፤ ከላይኛው ክዳን የሚፍ ከሆነ የትልቁ ቫልቭ ቀለበት ወይም ጓርኒሲዮን ተበላሽቷል። ሚስማር እየዘለለ ባዶውን የሚመታ ከሆነ የካዝናው ሞላ ደክሟል ወይም ካዝናው ቆሽሿል። የጎማ ቀለበት ዋጋው ከጣት ዋጋ ጋራ አይወዳደርም።

ጉዳት ቢደርስ

ይህ ሁሉ ተጠብቆም ሚስማር በአንድ ሰው እጅ ቢገባ፥ በፒንሳ ስቦ ማውጣት አይገባም። ብዙዎቹ ሚስማሮች ተያይዘው የሚመጡት በሙጫ፥ በወረቀት፥ በፕላስቲክ ወይም በሽቦ ነው፤ ቁራጩ ከሚስማሩ ጋራ ወደ ሥጋ ይገባል። ሲስቡትም ሽቦው እንደ መንጠቆ ሆኖ ጅማቱን ይበጥሳል። ሚስማሩ እንዳይንቀሳቀስ በንጹሕ ጨርቅ ደግፎ፥ ሰውዬውን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ከዚያው ሣጥን አንድ ሚስማር ይዞ መሄድም ይጠቅማል፤ ሐኪሙ በሥጋ ውስጥ ያለው ምን ዐይነት እንደ ሆነ ከራጁ ጋራ ያስተያየዋል። ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠየቅ። ሚስማር ዐይን ቢወጋ ደግሞ አይንኩት፥ አይሹት፥ አይጫኑት፤ የማይነካው ሲኒ ወይም ኩባያ ከልሎለት ፈጥኖ መሄድ ነው።

ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም «ምንም አይደለም» ተብሎ አይደበቅ። የገባበት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ደሙ ጥቂት ነው፤ ከሥር ግን መገጣጠሚያው ተበክሎ ይሆናል። ለማጁ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ፈርቶ እጁን በኪሱ ሲደብቅ፥ በሁለተኛው ሳምንት የሚያጣው ሥራውን ብቻ አይሆንም። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራውን አደገኛነት ለሠራተኛው እንዲያስረዳና የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ሠራተኛውም በበኩሉ የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀምበት ግዴታ አለበት። መነጽር መጠየቅ ቅብጠት አይደለም፤ ሕግ ነው።

በመጨረሻ፥ አንባቢ ሆይ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ሶፋ ለማሠራት ወይም ጠረጴዛ ለማስጠገን ወደ አንድ የዕንጨት ሥራ ቤት ሲገቡ ስለ ዋጋው ከመከራከርዎ በፊት ጥቂት ቆመው ይመልከቱ። በጥጉ ተቀምጦ ስቴፕል የሚተኩሰው ልጅ መነጽር አድርጓልን? ጣቱ በምላጩ ላይ ነውን? ዘበኛው በሽቦ ታስሯልን? ያዩትን ለባለቤቱ በለዘበ ቃል ይንገሩ። «ጌታው፥ የልጁ እጅ ደኅና ካልሆነ የእኔ ሶፋ አይጣደፍም» ቢሉ ማንም አይቀየምዎትም። አሮጌው አናጢ በመዶሻው ቸብ ቸብ እያለ ለጣቶቹ ሲሰጣት የነበረችውን ያችን ትንሽ ጊዜ፥ እርስዎም በአንዲት ቃል ለልጁ ሰጡት ማለት ነው።